ጢስ የሌለው እሳትና የጢስ መውጫው ጥበቃ

እሳት ለሰው ልጅ ታላቅ ወዳጅ ነው፤ በጥንቃቄ ካልያዙት ደግሞ ከጠላት የከፋ ጠላት ይሆናል። እህሉን ያበስላል፣ ብርዱን ያርቃል፣ ጨለማውን ይገፋል። ጉዳት በሚያመጣበትም ጊዜ ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ ያስጠነቅቃል። ጢሱ ዐይንን ያስለቅሳል፣ ጉሮሮን ይከረክራል፣ ያስላል፤ ሰውም ወዲያው ተነሥቶ በሩን ይከፍታል፣ ወይም ወደ ደጅ ይወጣል። ስለዚህ ጢስ ክፉ እንግዳ ቢሆንም ቅሉ በር አንኳኩቶ የሚገባ እንግዳ ነው።

ነገር ግን በር ሳያንኳኳ የሚገባ ሌላ አለ። መልክ የለውም፣ ሽታ የለውም፣ ዐይንንም አያስለቅስም። ሰው በሞቀ ቤቱ ተቀምጦ እሳት ሲሞቅ፣ ወይም በአልጋው ላይ ተኝቶ ሳለ ሕይወቱን ሊወስድ ይችላል። ይህ መርዝ በብርድ አገሮች ብዙ ጊዜ የሚገባው፣ ባለቤቱ «ንጹሕ ነው» ብሎ ከሚተማመንበት ከጋዝ ምድጃ ነው። በዛሬው ጽሑፋችን የምንመለከተውም ከእንጨትና ከድንጋይ ከሰል ወደ ጋዝ የተለወጡ ምድጃዎችን፣ የጢስ መውጫቸውንም አጠራረግና ምርመራ ነው።

ጉዳዩ የሩቅ አገር ጉዳይ ቢመስልም ለእኛም ይነካናል። ብዙ ወገኖቻችን ዛሬ በአሜሪካና በአውሮፓ ብርዳም ከተሞች ውስጥ፣ እንዲህ ያለ ምድጃ ባላቸው አሮጌ ቤቶች ይኖራሉ። ከዚህም በላይ ያው መርዝ በአገራችን በከሰል ማንደጃ ላይ ተቀምጦ በየቤታችን ይገኛል።

ምድጃው እንዴት ወደ ጋዝ ተለወጠ?

በመጀመሪያ ስለ ቃሉ እንስማማ። በአገራችን «ጋዝ» ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው በፋኖስና በኩራዝ የሚጨመረውን ፈሳሽ ነው። እዚህ የምንናገረው ስለ እርሱ አይደለም፤ ከምድር ውስጥ ወጥቶ እንደ ቧንቧ ውሃ በከተማ በተዘረጋ ቱቦ ወደየቤቱ ስለሚገባው፣ እንደ አየር ስላለው የተፈጥሮ ጋዝ ነው። የዚህ ጋዝ አብዛኛው ክፍል ሜቴን ይባላል። ዓመተ ምሕረቱንም ሁሉ የምንጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልን።

በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ የሚገኙ አሮጌ ቤቶች በግድግዳቸው ውስጥ የተሠራ ምድጃ አላቸው። ከምድጃው በላይ በጡብ የተገነባ ረጅም መተላለፊያ ፎቁን ሁሉ አልፎ በጣራው ላይ ይወጣል። ይህ የጢስ መውጫ የተሠራው ለእንጨትና ለድንጋይ ከሰል እሳት ነበር። የከሰሉ ጢስ ከቤት ወጥቶ በከተማው ላይ በመከማቸቱ ግን ትልቅ ጥፋት ደረሰ። በ1952 ዓ.ም. ከዲሴምበር 5 እስከ 9 ቀን ድረስ የሎንዶን ከተማ በጢስና በጭጋግ ታፈነች። በጊዜው የተቈጠረው የሟቾች ቍጥር 4,000 ያህል ነበር፤ ከብዙ ዓመት በኋላ ጉዳዩን እንደገና የመረመሩ ሊቃውንት ግን እስከ 12,000 ሊደርስ እንደሚችል ገምተዋል። ከዚህም የተነሣ የብሪታንያ መንግሥት በ1956 ዓ.ም. የንጹሕ አየር ሕግ አወጣ፤ በብዙ ሰፈሮችም የሚጤስ ከሰል ማንደድ ተከለከለ።

ሕዝቡም በየምድጃው ውስጥ የጋዝ ማንደጃ ያስገባ ጀመር። በዚያን ጊዜ ለየቤቱ ይታደል የነበረው ጋዝ ከድንጋይ ከሰል የሚሠራ ስለ ነበር ራሱ መርዛም ነበር። ከ1967 እስከ 1977 ዓ.ም. ድረስ የብሪታንያ ቤቶች ከሰሜን ባሕር በታች ወደሚወጣው የተፈጥሮ ጋዝ ተዛወሩ። በአሜሪካም እንዲሁ ብዙ ባለቤቶች የእንጨቱን ምድጃ ትተው፣ ከሸክላ የተሠራ እንጨት መሳይ ጌጥ በጋዝ ነበልባል ላይ አኖሩ። ዐመድ መጥረግ ቀረ፤ እንጨት መፍለጥ ቀረ። ከዚህ ጋራ ግን አንድ የተሳሳተ አሳብ አብሮ ገባ። ይኸውም «ጋዝ ጢስ የለውምና የጢስ መውጫው ጠራጊ አያስፈልገውም» የሚለው ነው።

ጢስ ከሌለ መውጫው ለምን ይጠረጋል?

ይህን ለመረዳት ሦስት ነገሮችን እንመልከት።

1ኛ/ ውሃ። ጋዝ ሲቃጠል ከሚወጡት ነገሮች አንዱ የውሃ እንፋሎት ነው። አንድ ሜትር ኩብ የተፈጥሮ ጋዝ በተቃጠለ ጊዜ ከአንድ ሊትር ተኩል የሚበልጥ ውሃ በእንፋሎት መልክ ይወጣል። እንፋሎቱ ሰፊና ቀዝቃዛ በሆነው አሮጌ መተላለፊያ ውስጥ ሲወጣ ይቀዘቅዝና በግድግዳው ላይ ጠል ሆኖ ይቀራል። ጠሉም ከጥንት እሳት ከተረፈው ጥቀርሻ ጋራ ሲቀላቀል ኮምጣጣ አሲድ ይሆናል። ይህ አሲድ በጡቦቹ መካከል ያለውን ኖራና ሲሚንቶ ቀስ በቀስ ይበላል፤ ጡቡ ይላላል፣ ይፈረፈራል፣ በመጨረሻም እየወደቀ መተላለፊያውን ይደፍናል። አንዳንድ ጊዜም መርዛሙ አየር በተሰነጠቀው በኩል ወደ ላይኛው ፎቅ መኝታ ቤት ይገባል።

2ኛ/ መደፈን። ወፎች በጢስ መውጫ ውስጥ ጎጆ መሥራት ይወዳሉ። የብሪታንያው ትንሽ ቍራ ጭራሮ እየጣለ መተላለፊያውን ይሞላዋል። ቅጠልም ይገባል። በእንጨት ወይም በከሰል ጊዜ መውጫው ከተደፈነ ጢሱ ወደ ቤት ተመልሶ ሁሉን ሰው ያባርር ነበር። የጋዝ ምድጃ ግን ቢደፈንም እሳቱ ይነዳል፣ ቤቱም ይሞቃል፤ ባለቤቱም ምንም ሳያውቅ ይቀመጣል።

3ኛ/ ስበት። ሞቃት አየር ወደ ላይ ይወጣል፤ የጢስ መውጫም የሚሠራው በዚህ የተፈጥሮ ሕግ ነው። የጋዝ ነበልባል የሚያወጣው አየር ብዙ ጊዜ ከእንጨት እሳት አየር የቀዘቀዘ ስለ ሆነ ሰፊውን መተላለፊያ አሙቆ ለመውጣት ኀይል ያንሰዋል። በወጥ ቤት ውስጥ አየር ሳቢ ማራገቢያ የተከፈተ እንደ ሆነ፣ ወይም መስኮቱ ሁሉ ለብርድ ተብሎ በጥብቅ የተደፈነ እንደ ሆነ፣ አየሩ መንገዱን ለውጦ ከላይ ወደ ታች ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ በአሮጌው መተላለፊያ ውስጥ ለማንደጃው ልክ የሆነ፣ የማይዝግ የብረት ቱቦ ማስገባት ብዙ ጊዜ አስፈላጊ ነው።

ሽታ የሌለው መርዝ

ጋዝ በቂ አየር አግኝቶ ሲቃጠል የሚሰጠው የውሃ እንፋሎትና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። አየር ካነሰው ግን ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለውን መርዝ ይወልዳል። ብዙ ሰዎች «ጋዝ ቢያፈስ ይሸተኛል» ብለው ይተማመናሉ። እርግጥ ነው፤ የተፈጥሮ ጋዝ በራሱ ሽታ ስለሌለው ሰው እንዲያውቀው ሲባል መጥፎ ሽታ ይጨመርበታል። ይሁን እንጂ ይህ ሽታ ከጋዙ ጋራ ይቃጠላል፤ ከቃጠሎው በኋላ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ፈጽሞ ሽታ የለውም።

መርዙ ሰውን እንዴት እንደሚገድል በ19ኛው መቶ ዓመት የፈረንሳዩ ሊቅ ክሎድ ቤርናር አስረድቷል። በደማችን ውስጥ ሄሞግሎቢን የሚባል ቀይ ነገር አለ፤ ሥራውም ከሳንባ ኦክሲጅን ተሸክሞ ወደ አካል ሁሉ ማድረስ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ከኦክሲጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ በበረታ ኀይል ከሄሞግሎቢን ጋራ ይጣበቃል። ስለዚህ ጥቂት መርዝ በአየር ውስጥ ቢኖር እንኳ የኦክሲጅኑን ስፍራ ይይዛል፤ ሰውየው እየተነፈሰ ሳለ አንጎሉና ልቡ ይራባሉ። ስኮትላንዳዊው ሊቅ ሃልዴን ትንንሽ እንስሳት ከሰው ቀድመው በዚህ መርዝ እንደሚጎዱ ስላሳየ፣ የብሪታንያ የከሰል ማዕድን ሠራተኞች እስከ 1986 ዓ.ም. ድረስ ካናሪ የምትባለውን ወፍ ለማስጠንቀቂያ ወደ ጉድጓድ ይዘው ይገቡ ነበር። ዛሬ በአሜሪካ ብቻ ከቃጠሎ አደጋ ውጭ በዚህ መርዝ ሳይታሰብ የሚሞቱት ሰዎች በየዓመቱ ከ400 ይበልጣሉ፤ ለድንገተኛ ሕክምና የሚሄዱትም ከ100,000 በላይ ናቸው። የሚመጣውም ከምድጃ ብቻ ሳይሆን ከመኪና፣ ከጄኔሬተርና ከሌላም ማሞቂያ ነው።

አንድ ምሳሌ

ነገሩ ይበልጥ ግልጽ እንዲሆን አንድ ቤተ ሰብ በአሳባችን እንሥራ። ባልና ሚስት ከሁለት ልጆቻቸው ጋራ በዋሽንግተን ከተማ አንድ አሮጌ የጡብ ቤት ገዝተዋል እንበል። የእንግዳ መቀበያው ምድጃ ከብዙ ዓመት በፊት ወደ ጋዝ ተለውጧል፤ መውጫው ከዚያ ወዲህ ተጠርጎ አያውቅም። ከአገር ቤት ለጥየቃ የመጡት እናታቸው ብርዱ ስለ ጠናባቸው ቀኑን ሙሉ ከእሳቱ አጠገብ ይቀመጣሉ።

ከጥቂት ቀን በኋላ አሮጊቷን ራሳቸውን ያማቸዋል፣ ያዞራቸዋል። ልጆቹ ከትምህርት ቤት ተመልሰው ሲያመሹ ያቅለሸልሻቸዋል፤ ጧት ወደ ትምህርት ቤት ሲሄዱ ግን ይሻላቸዋል። ወላጆቹ ጉንፋን ነው ብለው ትኩስ ነገር ያጠጣሉ፣ ቤቱን አብልጠው ይዘጋሉ፣ እሳቱንም ይጨምራሉ። አንድ ማታ ግን እናትየው ልጃቸውን ይጠሩና እንዲህ ይሏታል፤

«ልጄ፣ ይህን ራስ ምታት አውቀዋለሁ። በክረምት ከሰል አቀጣጥለን በር ዘግተን ስንቀመጥ የሚይዘን ያው ነው።»

«እማዬ፣ ይህ እኮ ከሰል አይደለም፤ ጢስም የለው» ትላቸዋለች።

«የቀላ ፍምስ መቼ ጢስ አለው?» ይላሉ።

በዚህ ቃል ልጅቱ ብትነቃ፣ ሁሉን ይዛ ወደ ደጅ ብትወጣና የእሳት አደጋ ሠራተኞችን ብትጠራ ቤተ ሰቡ ይድናል። ጠራጊውም መጥቶ ሲመረምር የወደቀ ጡብና የወፍ ጎጆ መተላለፊያውን ደፍኖት ያገኛል። «የአሮጊት ወሬ ነው» ብላ ብትተኛ ግን ማግሥቱን ማን ያውቃል? አሮጊቷ የኬሚስትሪ ትምህርት አልተማሩም፤ ነገር ግን የማይጤስ እሳት ሁሉ ደኅና እሳት እንዳልሆነ ከኑሮ ተምረዋል።

ጠራጊው የሚሠራው ሥራ

የጢስ መውጫ ጠራጊነት አሳዛኝ ታሪክ ያለው ሙያ ነው። በእንግሊዝ አገር በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ዓመት ትንንሽ ሕፃናት በጠባቡ መተላለፊያ ውስጥ እየወጡ ጥቀርሻውን በእጃቸው ይጠርጉ ነበር። ብዙዎች ታፍነው ወይም ወድቀው ሞተዋል። ፐርሲቫል ፖት የሚባል የሎንዶን ሐኪም በ1775 ዓ.ም. ጥቀርሻው በጠራጊዎች ላይ የካንሰር በሽታ እንደሚያመጣ ጻፈ፤ ከሥራ የተነሣ የሚመጣ ካንሰር የተመለከተበት የመጀመሪያው ጽሑፍ ይህ ነው። ሕፃናትን ወደ ውስጥ መስደድ በጽኑ የተከለከለው በ1875 ዓ.ም. ሕግ ነው።

ዛሬ ሙያው ዕውቀት የሚጠይቅ የተከበረ ሥራ ሆኗል። ጠራጊው የቤቱን ዕቃ በጨርቅ ሸፍኖ፣ እየተቀጣጠለ በሚረዝም ዘንግ ላይ በታሰረ ብሩሽ መተላለፊያውን ይጠርጋል፤ አቧራውን በመሳቢያ መኪና ይሰበስባል። ቀጥሎም ትንሽ ካሜራ ወደ ውስጥ ሰዶ ስንጥቁን፣ እርጥበቱንና የወደቀውን ጡብ ይመለከታል። በጣራው ላይ ያለው መክደኛና ወፍ የሚከለክለው ወንፊት ደኅና መሆኑን ያያል። ጢስ የሚሰጥ ነገር አቀጣጥሎም አየሩ በትክክል ወደ ላይ መሳቡን ይፈትናል።

ይሁን እንጂ ብሩሽ ብቻውን አይበቃም። ማንደጃውን፣ የጋዙን ቱቦና የነበልባሉን መጠን መመርመር የጋዝ ባለሙያ ሥራ ነው። በብሪታንያ ይህን ሥራ መሥራት የሚችለው ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ በቆመው የጋዝ ደኅንነት መዝገብ ላይ የተጻፈ ባለሙያ ብቻ ነው፤ ቤት የሚያከራይም ሰው የጋዝ ዕቃውን በየዓመቱ ማስመርመር በሕግ ግዴታው ነው። በአሜሪካ የእሳት መከላከያ ማኅበር ያወጣው ደንብ የጢስ መውጫ ሁሉ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ እንዲመረመር ያዛል፤ ማንደጃው ሲለወጥ ወይም ቤቱ ሲሸጥ ደግሞ ከተለመደው የጠለቀ ምርመራ እንዲደረግ ይጠይቃል። በጀርመን አገር ጠራጊዎች በየወረዳው በሕግ ተሹመው ይሠራሉ።

በየደጁ እየዞረ «መውጫችሁ ሊፈርስ ነው» ብሎ በማስፈራራት ገንዘብ የሚሰበስብ ሐሰተኛም አይጠፋምና፣ ባለቤቱ የጠራጊውን የሙያ ፈቃድ መጠየቅ፣ በካሜራ የታየውን በዐይኑ ማየት፣ የሥራውንም ጽሑፍ መቀበል ይገባዋል። የምርመራው ጊዜ ብርዱ ከመግባቱ በፊት ቢሆን መልካም ነው።

ሊታዩ የሚገባቸው ምልክቶች

ከምድጃው በላይ ባለው ግድግዳ ላይ ጥቍር ወይም ቡናማ እድፍ ቢታይ፤ ሰማያዊ መሆን የሚገባው ነበልባል ብጫ ሆኖ ቢንቀጠቀጥ፤ ሁልጊዜ የምትበራው ትንሺቱ ነበልባል እየደጋገመች ብትጠፋ፤ መስኮቱ ላይ ከልክ ያለፈ ላበት ቢወርድ፤ የጡብ ስብርባሪ በምድጃው ውስጥ ቢገኝ፣ ማንደጃውን አጥፍቶ ባለሙያ መጥራት ያስፈልጋል። እንጨት መሳይ ጌጥ ያለበት ምድጃ ለማማር ሲባል ብጫ ነበልባል እንዲሰጥ ተደርጎ ስለሚሠራ በቀለሙ ብቻ መፍረድ አይቻልም። የሸክላውን እንጨት ከስፍራው ማንቀሳቀስም ነበልባሉን ስለሚያበላሽ አይገባም።

በሰው ላይ የሚታየው ምልክት ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ድካም፣ ማቅለሽለሽና የአሳብ መደናገር ነው። ጉንፋን ይመስላል፤ ነገር ግን ትኵሳት የለውም፤ በቤቱ ያሉትን ሁሉ ባንድ ጊዜ ይይዛል፤ ከቤት ሲወጡም ይሻላል። ሕፃናት፣ እርጉዞች፣ ሽማግሌዎችና የልብ ሕመምተኞች ከሌላው ይልቅ ይጎዳሉ። እንግዲህ የሰው አፍንጫ ሊያውቀው ስለማይችል፣ ይህን መርዝ ሲያገኝ የሚጮኽ መሣሪያ በየፎቁ በመኝታ ቤቶች አጠገብ ማኖር፣ ባትሪውንም መጠበቅ ግድ ነው። መሣሪያው የዛሬ ዘመን ካናሪ ነው፤ ነገር ግን የጠራጊውን ስፍራ አይተካም።

አደጋ የደረሰ እንደ ሆነ

መሣሪያው ቢጮኽ ወይም ምልክቱ ቢታይ ሁሉም ሰው ሳይዘገይ ወደ ንጹሕ አየር ይውጣ። ከደጅ ሆኖም የአደጋ ጊዜ ረዳቶችን ይጥራ፤ በአሜሪካ ቍጥሩ 911 ነው። ቤቱ ተለክቶ ደኅና ነው እስኪባል ድረስ ልብስ ለማምጣት እንኳ ተመልሶ አይግባ። ለታመመው ሰው ወተት ማጠጣት ወይም ውሃ መርጨት መርዙን ከደሙ አያወጣውም። መድኃኒቱ ኦክሲጅን ነው። ሰው ተራውን አየር ሲተነፍስ የመርዙ ግማሽ ከደሙ ለመውጣት ከ4 እስከ 6 ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ በሐኪም እጅ ንጹሕ ኦክሲጅን ሲሰጠው ግን ጊዜው ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይወርዳል። ስለዚህ «ተሽሎኛል» ብሎ ከመቅረት ሐኪም ዘንድ መሄድና የምድጃውን ነገር መንገር ይበጃል።

በአገራችንስ?

በአገራችን በቱቦ ወደ ቤት የሚገባ የተፈጥሮ ጋዝ የተለመደ አይደለም። መርዙ ግን ያው አንድ ነው። ከሰል በዝግ ቤት ውስጥ ሲነድ ከየትኛውም የጋዝ ምድጃ ያላነሰ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ መውጫም የለውም። ከሰሉን ደጅ አቀጣጥሎ ማስገባት ጢሱን ይቀንሳል እንጂ መርዙን አያጠፋውም። ስለዚህ ቡና በሚፈላበትና ዕጣን በሚጨስበት ጊዜ በርና መስኮት ይከፈት፤ ፍም ያለበት ማንደጃ በመኝታ ቤት አይደር። በውጭ አገር ያሉ ወገኖቻችንም በአየር ጠባቂ ዝግ ቤታቸው ውስጥ ከሰል ከማቀጣጠል ይልቅ በኤሌክትሪክ ምድጃ ቢያፈሉ የቡናው ወግ አይጎድልም። በአሮጌ ቪላ ውስጥ የግድግዳ ምድጃ ያለው ሰውም እሳት ከማንደዱ በፊት መውጫውን ያስጠርግ።

ለመምህራን

ይህን ትምህርት በክፍል ውስጥ ለማስረዳት ብዙ ዕቃ አያስፈልግም። የበራ ሻማ በብርጭቆ ቢከደን ጥቂት ቆይቶ ይጠፋል፤ ተማሪዎች እሳት አየር እንደሚበላ ያያሉ። ደረቅና ቀዝቃዛ ብርጭቆ ከነበልባሉ በላይ ጥቂት ራቅ ተደርጎ ለአፍታ ቢያዝ ውስጡ ጉም ይለብሳል፤ ከእሳት ውሃ እንደሚወጣ ይረዳሉ። ከዚያ በኋላ «የማይታየውስ ወዴት ይሄዳል?» ብሎ መጠየቅ የመምህሩ ፈንታ ነው። ልጆቹም ጥያቄውን ይዘው ወደ ቤታቸው ሲገቡ፣ እናት ማታ ማንደጃውን ወደ መኝታ ቤት ስታስገባ የሚናገር አንደበት ያገኛል።

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ብለዋል። በባዕድ አገር ያለው ወገናችን በዓመት አንድ ቀን ጠራጊ ቢጠራ፣ በአገር ቤት ያለነውም በየማታው አንድ መስኮት ብንከፍት፣ ብዙ ሰው ጧት ከመኝታው በጤና ይነሣል።